አንድ ጥርስ ወደ ኋላ

ወልድያ ውስጥ በአንድ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። አሥራ አራት ዓመት ሆኖኛል። በእነዚህ ዓመታት ለማንም ያልነገርኩት ነገር ቢኖር፣ እስከዚያች የሐምሌ ቅዳሜ ድረስ የአንድም መኪና ካቴና በእጄ ቀይሬ የማላውቅ መሆኔን ነው።

ካቴና የምንለው ከሞተሩ ፊት፣ ከክዳን ጀርባ ተሸፍኖ የሚዞር ሰንሰለት ነው። ታች ያለውን የሞተር ዘንግ ከላይ ካለው ዘንግ ጋር አስሮ አስማምቶ ያስኬዳቸዋል። ቫልቮቹ መቼ እንደሚከፈቱ፣ መቼ እንደሚዘጉ የሚወስነው እሱ ነው። ሰሌዳ ላይ ስንት ጊዜ ሥዬዋለሁ። ጥርሶቹን በነጭ፣ የሚገጣጠሙትን ነጥቦች በቀይ ጠመኔ። ኮሌጁ ለማሳያ የሚሆን አንድ ሞተር ነበረው፤ እሱም በጦርነቱ ጊዜ ከነማስቀመጫው ጠፋ። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሰሌዳው ብቻ ነው። ተማሪዎቼ ግን "መምህር ሞተርን በድምፁ ያውቃል" እያሉ ያወሩልኝ ነበር። እኔም አላስተባበልኩም።

እህቴ ያገባችው መርሳ ነው። ባሏ ማንጎና ብርቱካን የሚያለማ፣ ቶሎ የሚቆጣ፣ ቶሎም የሚበርድ ሰው ነው። ከኋላ ተጨማሪ ወንበር ያላት አንዲት አሮጌ የቤት መኪና አለችው። ልጆቹ ትምህርት ቤት የሚሄዱባት፣ ለቅሶም ሠርግም የሚኬድባት፣ በማንጎ ጊዜ ወንበሯ ተነቅሎ ፍሬ የሚጫንባት እሷ ናት። ኪሎ ሜትር ቆጣሪዋ ሦስት መቶ ሺህ ካለፈ በኋላ ቆሟል። ከዚያ ወዲህ ምን ያህል እንደተጓዘች የሚያውቅ የለም።

ለዐረፋ እነሱ ቤት ሄጄ በነጋታው ጠዋት መኪናዋን ሲያስነሳት ሰማሁ። ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ጨምሮ የሚያንገጫግጭ ሰው ያለ ይመስል ነበር። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ቀነሰ፤ ግን አልጠፋም። እህቴ፣ ባሏና እናቱ ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

"ካቴናው ነው" አልኩ። "ተበልቶ ረዝሟል። መቀየር አለበት።"

እዚህ ላይ ልክ ነበርኩ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ጥሩ ነበር።

"እንግዲያው ጋራዥ ልውሰዳት" አለ የእህቴ ባል።

"እኔ እያለሁ?" አልኩት።

እህቴ ፈገግ ብላ አየችኝ። በዚያ ቤት እንደ መሐንዲስ ነው የምታየው ወንድሟን፤ ለጎረቤትም እንደዚያ ብላ ነው የምታስተዋውቀኝ። ያን ፈገግታ አይቼ "ሠርቼው አላውቅም" ማለት አቃተኝ። ልናገረው ከማልችለው ነገር ይልቅ ልሠራው የማልችለው ነገር ቀለለኝ።

ዕቃውን ወልድያ የገዛሁት ከአንድ የማውቀው መለዋወጫ ነጋዴ ነው። አባቱ ከትግራይ መጥተው ከተማችን የከተሙ ናቸው፤ እሱ ግን ወልድያ ተወልዶ፣ ወልድያ አድጎ፣ ከእኔ ጋር አንድ ትምህርት ቤት የተማረ እኩያዬ ነው። የዚያችን መኪና ሁለት ካቴናዎች፣ ከላይ የሚዞረውን ረጅሙንና ከታች እሱን የሚያዞረውን አጭሩን፣ አውጥቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝና፣

"ካቴናውን ብቻ አትቀይር" አለኝ። "ወጥሮ የሚይዘውንም አብረህ ቀይረው። በዚህ ሁሉ ዓመት ደክሟል። አዲሱን ካቴና አይዝልህም።"

እውነቱን ነበር። እኔም ለተማሪዎቼ የማስጽፈው ይህንኑ ነው። ግን ከጎኔ ሌላ ደንበኛ ቆሞ ይሰማ ነበርና ነጋዴ መምህርን ሲያስተምር መታየቱ ከነከነኝ።

"ይህን እኮ የማስተምረው እኔ ነኝ" ብዬ ሳቅሁ።

እሱም ሳቀ። "እሺ መምህር" አለና ሁለቱን ካቴናዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ቅዳሜ ጠዋት መርሳ ደርሼ፣ ግቢያቸው ውስጥ ካለው ማንጎ ሥር ሥራ ጀመርኩ። ራዲያተሩን አወረድኩ፣ ከውጭ የሚዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ ፈታሁ። ከፊት ያለው ትልቁ ብሎን አልፈታ ብሎ ሦስት ሰዓት ፈጀብኝ። የእህቴ ባል በረጅም ቧንቧ እየታገለ ሲያግዘኝ እኔ የማውቅ መስዬ "ወደ ግራ፣ ወደ ግራ" እል ነበር። ክዳኑ ሲከፈት የጠበቅሁት ሥዕል አልነበረም። ቀይ ነጥብ የለም። ሁሉም ነገር በጥቁር ዘይት ተለውሶ አንድ ዓይነት ነው። ነጥቦቹን በጨርቅ እየጠረግሁ ፈለግኋቸው። የላይኞቹን በቀላሉ አገኘኋቸው። የታችኛውን፣ አጭሩ ካቴና የሚያርፍበትን፣ ጎንበስ ብዬ ከፊት ለፊት ማየት ነበረብኝ። እኔ ከጎን ሆኜ አየሁትና ገጥሟል አልኩ።

ከሰዓት በኋላ ከምዕራብ በኩል ደመናው ጠቆረ። እህቴ ምሳ ቀርቦ ቀዘቀዘ ብላ ሁለቴ መጣች። ክዳኑን ከመዝጋቴ በፊት ሞተሩን በእጄ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሬ ነጥቦቹ ተመልሰው መግጠማቸውን ማየት ነበረብኝ። ይህን አውቃለሁ። ለፈተና የማወጣው ጥያቄ ነው። ዝናቡ ማንጠባጠብ ጀመረ፤ እኔም ዘጋሁት።

መኪናዋ ተነሳች። ጠጠሩ ጠፍቷል። እህቴ አጨበጨበች። ነገር ግን ሞተሩ እንደበረደው ሰው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ ነዳጅ ሲሰጡትም እንደ ድሮው አይፈጥንም።

"ምነው ተንቀጠቀጠች?" አለ የእህቴ ባል።

"አዲስ ካቴና ነው። እስኪለምድ ነው" አልኩት።

ካቴና የሚለምደው ነገር የለም። ወይ ገጥሟል፣ ወይ አልገጠመም። ይህንንም አውቅ ነበር። በዚያ ማታ እጄን በሳሙናና በአሸዋ ታጥቤ፣ የተሻለው የሥጋ ብልት እየቀረበልኝ በላሁ።

ከአሥር ቀን በኋላ የእህቴ ባል እናቱን ወደ ደሴ ይዟቸው ወጣ። እኚህ ሴት ዐይናቸውን ሞራ ጋርዷቸው ስለነበር ለቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ተሰጥቷቸዋል። ቀጠሮውን ለማግኘት ወራት ነው የጠበቁት። ውርጌሳን አልፈው ወደ ውጫሌ የሚያወጣውን ዳገት ሲጀምሩ ሞተሩ አንድ ጊዜ ጓ ብሎ ጠፋ። እንደገና አልነሳም። ዝናብ ነበር። እናቱ መንገድ ዳር ላስቲክ ተከናንበው ተቀምጠው፣ እሱ የሚያልፈውን መኪና ሁሉ እየለመነ ረፈደ። ቆይቶ ያገኙት ሚኒባስ ወደ መርሳ የሚመለስ ነበር። ቀጠሮው አለፈ። ሌላ የተሰጣቸው ከሦስት ወር በኋላ ነው።

የእህቴ ባል ማታ ደወለልኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

"መኪናዋ ሞተች" አለኝ። "ምን ሊሆን ይችላል?"

ምን እንደሆነ ወዲያው ገብቶኛል። አፌ ግን ሌላ ተናገረ።

"ካቴናው ፎርጅድ ሳይሆን አይቀርም" አልኩት።

ይህን ስል ስለ ነጋዴው አላሰብኩም። ስለ ራሴ ብቻ ነበር ያሰብኩት። የእህቴ ባል ግን ሌሊቱን ሲብላላበት አድሮ፣ በነጋታው ለእኔ ሳይነግረኝ ወልድያ መጥቶ በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄደ።

እኔ መምህራን ማረፊያ ተቀምጬ የተማሪ ወረቀት ሳርም ስልኬ ጠራ።

"ስማኝ" አለ የእህቴ ባል። ድምፁ ከፍ ብሏል። ከጀርባው የሰው ጫጫታ ይሰማል። "ሱቁ ውስጥ ነኝ። ስልኩን ለሁሉም እንዲሰማ ከፍቼዋለሁ። ይህ ሰውዬ 'ወጣሪውንም ቀይር ብዬ ነግሬው ነበር' ይለኛል። ነግሮሃል?"

ነጋዴው ቀበል አድርጎ፣ "መምህር፣ አልነገርኩህም? እዚሁ ቆመህ?" አለ። ድምፁ ላይ ቁጣ አልነበረም። እውነቱን እንደምናገር እርግጠኛ የሆነ ሰው ድምፅ ነው።

አጠገቤ ሁለት መምህራን ተቀምጠው ነበር። ቀና ብለው አዩኝ።

"አልነገርከኝም" አልኩ።

ከሱቁ ውስጥ አንድ የማላውቀው ሰው "ድሮስ ከእነዚህ ምን ይጠበቃል!" ሲል ሰማሁ። ሌላው "ሆን ብለው ነው" አለ። "እነዚህ" የተባሉት እነማን እንደሆኑ በእኛ ከተማ ለማንም አይጠፋም። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ ሰው ከሰው ጋር እንደገና ሰላም መባባል የጀመረው በስንት ጥንቃቄ ነው። ስልኩ ጆሮዬ ላይ ነበር። "ኧረ ተዉ፣ ነግሮኛል" ለማለት ጊዜ ነበረኝ። ሦስት ትንፋሽ የሚያህል ጊዜ። ከዚያ ስልኩ ተዘጋ።

ኋላ እንደሰማሁት ነጋዴው አልተከራከረም። አዲስ ካቴና፣ ወጣሪውንም ጨምሮ፣ ከመደርደሪያው አውርዶ ለእህቴ ባል ሰጠውና "ውሰድ፣ ሰላም ይሻላል" አለው። ደንበኞቹን አስወጥቶ በቀን ሱቁን ዘጋ።

መኪናዋ በጭነት መኪና ተጎትታ መርሳ አንድ ጋራዥ ገብታለች። ጋራዡ ውስጥ የምትሠራው ሴት ተማሪዬ የነበረች ናት። በክፍሏ ውስጥ ከሁሉ የምትሻል ነበረች። ተግባር ሲሆን ግን መፍቻውን ለወንዶቹ ሰጥቼ እሷን መዝጋቢ አደርጋት ነበር፤ ጽሕፈቷ ጥሩ ስለነበር ነው ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። የእህቴ ባል "አንተ ቆመህ እያት፣ እንዳታበላሽብኝ" ብሎ ጠራኝና ሄድኩ።

ክዳኑን እሷ ከፈተችው። እኔ ከጀርባዋ ቆሜያለሁ። የእህቴ ባልም አጠገባችን ነበር። ረጅሙ ካቴና ከጥርሱ ዘሎ ተልፈስፍሶ ተንጠልጥሏል። አጭሩ ግን ካስቀመጥኩበት አልተነቃነቀም። ጎንበስ ብላ ከፊት ለፊት አየችው። ብዙ ቆየች። ከዚያ ሳትዞር ለእህቴ ባል፣

"ጋሼ፣ እባክዎ ከዚያ ማዶ ካለው ሱቅ ሳሙና ይግዙልኝ" አለችው።

እሱ ሲወጣ ባትሪዋን አብርታ ሰጠችኝ።

"ይዩት መምህር።"

አየሁት። አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ነበር።

"ወጣሪውም የድሮው ነው" አለች። "በዚህ ላይ ተንቀጥቅጣ አሥር ቀን መሄዷ ይገርማል። ቫልቮቹ ያሉበት ቴስታታም መውረድ አለበት። ቫልቮቹ ታጥፈዋል።"

ባትሪውን መለስኩላት።

"ጋሼ ካቴናው ፎርጅድ ነው ብለው ነው የነገሩኝ" አለች። "ካቴናው ደኅና ዕቃ ነው። ይኸው፣ አንድም ቦታ አልተበጠሰም።" እጇን በጨርቅ ጠረገች። "እሳቸው ከጠየቁኝ አልዋሽም፣ መምህር። ካልጠየቁኝ ግን አልናገርም። እሱን እርስዎ ያውቃሉ።"

ሳሙናው መጣ። የእህቴ ባል "እና? ምን ሆኖ ነው?" አላት። ወደ እኔ አየች። እኔ የሞተሩን ጥርስ አያለሁ። "ገና እያየሁት ነው" አለችው።

በዚያ ቀን ማታ ወደ ወልድያ መመለስ ነበረብኝ። ሚኒባስ ተራ ድረስ ሄጄ፣ መኪናው ሞልቶ ረዳቱ "አንድ ሰው! አንድ ሰው!" እያለ ሲጠራ ቆሜ ተመለስኩ። እህቴ ቤት ስደርስ ከመግሪብ ሶላት ተነስተው እራት ሊቀርብ ነበር። ባሏን ወደ ግቢው ጠራሁትና ቆመን ነገርኩት። ሠርቼው አላውቅም ነበር። ከጎን አየሁት። ሁለት ዙር አላዞርኩትም። ነጋዴው ነግሮኝ ነበር። ፊት ለፊቴ ቆሞ ነግሮኝ ነበር።

ይጮኻል ብዬ ጠብቄ ነበር። እሱ ግን ቁጭ አለ። የማንጎው ሥር ላይ ቁጭ አለና ጭንቅላቱን ያዘ።

"ወላሂ ሰደብኩት እኮ" አለ። "ሰው ፊት ሌባ አልኩት። ሌላም ነገር ብያለሁ። ምን እንዳልኩ ታውቃለህ? የሰው አፍ ተከትዬ ያላልኩት የለም።"

"የኔ ጥፋት ነው" አልኩት።

"ያንተማ ነው" አለ። "እኔ ግን የራሴን አፍ ምን ልበለው?"

ስለ መኪናዋ አንድም ነገር አላነሳም። ስለ እናቱ ቀጠሮም አላነሳም። ያን ማታ እህቴ እራት አቅርባልኝ አብራኝ አልተቀመጠችም። ከዚያ ቀን ወዲህ ለጎረቤት ስታስተዋውቀኝ "ወንድሜ፣ መምህር ነው" ነው የምትለው።

በማግስቱ ሁለታችንም ወልድያ ሄድን። ነጋዴው ባንኮኒው ጀርባ ተቀምጦ ብሎን በየመጠኑ ይለያል። ሲያየን ተነሳ። የእህቴ ባል ቀድሞኝ አጎነበሰና "ወንድሜ፣ አውፍ በለኝ፤ አጥፍቻለሁ" አለው። እኔም ያዘጋጀሁትን ንግግር ጀመርኩት፤ መሐል ላይ ጠፋኝ። "ነግረኸኝ ነበር። ዋሸሁ" ብቻ አልኩ።

"ነግሬህ እንደነበር እኔ አውቃለሁ" አለኝ።

"ይቅር በለኝ።"

ብዙ ሳይቆይ "ይቅር ብያለሁ" አለ። ከዚያ በሩን በአገጩ አመለከተ። "ያን ቀን ግን እዚያ አምስት ስድስት ሰው ቆሞ ነበር። ዛሬ አንዳቸውም የሉም።"

ያልጠበቅሁት ይህን ነው። ይቅርታ ሁለት ሰዎች ተነጋግረው የሚጨርሱት ነገር ይመስለኝ ነበር። "እነማን ነበሩ?" ብዬ ጠየቅሁት። ሁለቱ በረንዳው ፊት የሚቆሙ የባጃጅ ሾፌሮች ነበሩ። ሌሎቹን አያውቃቸውም፤ አላፊ አግዳሚ ናቸው። ወጥቼ ሾፌሮቹን አገኘኋቸው። አንደኛው ነገሩን ረስቶታል። ሌላው አስታወሰ። ጥፋቱ የእኔ እንደነበር ሙሉውን ስነግረው፣ "እሱስ ይሁን፣ ግን እነሱ መቼም…" ብሎ ጀመረ። "ምንም መቼም የለውም" አልኩት። "እኔ ነኝ የዋሸሁት።" ትከሻውን ነቅንቆ ባጃጁን አስነስቶ ሄደ። ያመነኝ አይመስለኝም። አንድ ጊዜ ያልኩት ውሸት ወዲያው ነበር የታመነው።

ለነዚያ ሁለት መምህራንም ነገርኳቸው። ተማሪዎቼ ዘንድ ለመድረስ ግን ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ሰሌዳው ላይ ካቴናውን ሥዬ፣ ነጥቦቹን በቀይ አድርጌ፣ አንድ ጥርስ ወደ ኋላ ያለውን ከጎኑ ሣልኩት። "ይህን ያደረገው ማን ነው?" አለ አንዱ። "እኔ" አልኩ። የሳቀ አልነበረም። ቢስቁ ይቀለኝ ነበር።

ሞተሩን የሠራችው ያቺው ተማሪዬ ናት። በየቅዳሜው እየሄድኩ አጠገቧ ሆኜ እጄን አስገባሁ። መፍቻውን እሷ ትሰጠኛለች። አጭሩ ካቴና ሲገባ "ጎንበስ ይበሉ መምህር፣ ከፊት ለፊት" አለችኝ። ጎንበስ አልኩ። ከዚያ ሁለት ሙሉ ዙር በእጄ አስዞረችኝ። ከዚያም እንደገና ሁለት። መኪናዋ ስትነሳ አልተንቀጠቀጠችም።

በጥቅምት የእናቱ ቀጠሮ ደረሰ። የእህቴ ባል ማሳ ላይ ሥራ በዝቶበት ስለነበር እኔ ልውሰዳቸው አልኩ። አሮጊቷ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነጠላቸውን አስተካከሉ። ውርጌሳን ካለፍን በኋላ፣ ዳገቱን ስንጀምር፣ ያንኑ ጓ የሚል ድምፅ እየጠበቅሁ ነዳሁ። ሞተሩ ግን ዝም ብሎ ወጣው።

"እጅህ ይባረክ፣ ልጄ" አሉኝ። "መኪናዋን አንተ ነህ አሉ ያዳንካት። አላህ ጀዛህን ይክፈልህ።"

ማንም አልነገራቸውም ማለት ነው። ልጃቸው ለእኔ ብሎ ደብቆልኛል። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም ነበር።

"እማማ፣ አይባርኩኝ" አልኳቸው። "ያበላሸኋት እኔ ነኝ። ያን ቀን ዝናብ ላይ የቀሩት በእኔ ምክንያት ነው።" ስለ ነጋዴውም ነገርኳቸው፤ ስልኩን፣ ሱቁ ውስጥ የነበሩትን ሰዎች፣ የተባለውን ሁሉ።

የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ ውጫሌ ደረስን። ዐይናቸው በሞራው ምክንያት ወደ መንገዱ ይሁን ወደ እኔ የሚያይ አይታወቅም።

"ያ ሰውዬ ልጆች አሉት?" አሉኝ በመጨረሻ።

"አሉት፣ ሦስት።"

"ያን ቀን ሱቅ ውስጥ ነበሩ እንዴ? ሰምተው ይሆን?"

"አላውቅም" አልኳቸው። ለመጠየቅ አስቤውም አላውቅም ነበር።